ሌሊት ማንን ልጥራ?

ሐዋሳ ውስጥ ቤት ስትፈልጉ ደላላው የሚጠይቃችሁ የታወቀ ነው። ላጤ ነው ባለትዳር? ሥራው ምንድን ነው? ይቅማል? ተያዥ አለው? ለታላቅ ወንድሜ ሰርቪስ ቤት ስፈልግ ለአንዱም ደህና መልስ አልነበረኝም። ላጤ ነው። ሥራ የለውም። ይቅማል፤ አረቄም ይጠጣል። ሌላው ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል። ለዓመታት ያደረው መናኸሪያ አካባቢ ጎዳና ላይ ነው።

ደላሎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንዱ እንዲያውም “እህቴ፣ መጀመሪያ ይታከም፣ ሱሱን ይተው። ከዚያ ቤቱን እኔ ራሴ አገኝለታለሁ” አለኝ። ይህን ምክር ከዘመድም፣ ከሰፈር ሰውም ሰምቼዋለሁ። ቅን ምክር ነው። ግን ቅደም ተከተሉ አይሠራም።

ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው መድኃኒቱን የት ያስቀምጣል? ኪስ ውስጥ ያለ ክኒን በዝናብ ይሟሟል፤ ከጃኬቱ ጋር ይሰረቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም የሚሰጡ እንደ ክሎርፕሮማዚን ያሉ ክኒኖች ደግሞ እንቅልፍ ያከብዳሉ። ወንድሜን ለምን አትውጥም ስለው የመለሰልኝ አጭር ነው፦ “ከዋጥኩት እተኛለሁ። ከተኛሁ ጫማዬን ይወስዱታል።” እብደት አልሆነብኝም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልውጥም።

አረቄውም እንዲሁ ነው። ለብርዱ ይጠጣል፣ ለፍርሃቱ ይጠጣል፣ ድምፁ ዝም እንዲል ይጠጣል። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ካቆመ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ ሊሞትም ይችላል። ሐኪም እያየው፣ አልጋ ላይ ሆኖ የሚተው ነገር ነው። አስፋልት ዳር ተቀምጦ አይተውም።

አዲስ አበባ ጎዳና ላይ በሚኖሩ 217 ሰዎች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ከአሥሩ አራቱ ሳይኮሲስ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው። ከእነዚህ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሕክምና አግኝተው የሚያውቁት ከአሥሩ አንዱ ብቻ ነበሩ። “ታክሞ ይምጣ” ሲባል ይህ ቁጥር ይመጣብኛል።

ቅደም ተከተሉን ገልብጠው የሞከሩ አገሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ዮርክ ውስጥ ሳም ጸምበሪስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች ቤቱን በቅድሚያ መስጠት ጀመረ። መጠጥ ካልተውክ፣ መድኃኒት ካልዋጥክ አልተባሉም። ከቤቱ ጋር ግን እየመጣ የሚጠይቃቸው ባለሙያ ነበራቸው። በኋላ ካናዳ በአምስት ከተሞች፣ ወደ 2,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ነገሩን ፈተነችው። ቤት ያገኙት አብዛኞቹ ከቤታቸው ሳይወጡ ቆዩ። ሕመሙና ሱሱ ላይ ግን ቤቱ በዚህ መንገድ ካልተሰጣቸው ሰዎች ያን ያህል የተለየ ለውጥ አልታየም። ይህን ሳልደብቅ የምጽፈው፣ ቁልፍ ሰጥቶ ተአምር የሚጠብቅ ሰው ቶሎ ስለሚከፋው ነው። ቤቱ ሰውየውን ከዝናብና ከዱላ ያስጥለዋል። ቀሪው ከዚያ በኋላ የሚሠራ ሥራ ነው።

በመጨረሻ አቶቴ አካባቢ አንዲት እናት አገኘሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸው ስለ ገንዘቡ ብዙም አልጠየቁኝም። “ሌሊት ቢነሣበት ማንን ልጥራ?” ነው ያሉት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አከራዮች የሚፈሩት ሕመሙን ብቻ አይደለም፤ ከሕመሙ ጋር ብቻቸውን መቅረትን ነው። “እኔን ይጥሩ፤ በማንኛውም ሰዓት አነሣለሁ” አልኳቸው። ኪራዩንም በወንድሜ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ለእሳቸው ልሰጥ ተስማማን።

ቀላል ነበር አልላችሁም። መጀመሪያ ሰሞን ፍራሹን ትቶ በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ይተኛ ነበር። የተዘጋ በር ያስፈራዋል። ከዚያ ደግሞ የመናኸሪያ ጓደኞቹ መምጣት ጀመሩ፤ አረቄ ይዘው፣ እስከ እኩለ ሌሊት። ተከራዮቹ ተቆጡ። እውነታቸውን ነው፤ ልጆች አሏቸው። ግን እነዚያ ሰዎች በረሃብ ጊዜ ዳቦ ያካፈሉት ናቸው። “እንዳይመጡ” ብንለው ቤቱን ትቶ ወደ እነሱ ነው የሚሄደው፤ ብቸኝነቱ ከብርዱ ይብስበታል። እማማ መፍትሔውን አመጡት። ቀን ይምጡ፣ ቡና ይጠጡ፣ ሲመሽ ይሂዱ አሉ። አንዳንዴ ይጣሳል። ያኔ ስልኬ ይጮኻል፤ ባጃጅ ይዤ እሄዳለሁ።

አሁን መድኃኒቱን በወር አንዴ በመርፌ ይወስዳል። ክኒን መቁጠር ቀርቷል። አረቄው አልቀረም፤ ቀንሷል። ይቅማልም። ድምፁም አልጠፋም፤ “ዛሬ ዝቅ ብሎ ነው የሚያወራው” ይለኛል። ጫማውን ግን አውልቆ ይተኛል።

እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ የምችለው አንድ ቤት ነው። ዕድሮቻችን ግን ብዙ ናቸው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላሉ፣ ሌሊቱን ያድራሉ፣ ተራ ያወጣሉ። ያንኑ ተራ በሕይወት ላለ አንድ ሰው ቢያወጡ፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሣ አምስት ሰው ቢመድቡ፣ ብዙ አከራይ በሩን ይከፍት ነበር ብዬ አምናለሁ። በእኛ ዕድር ሐሳቡን አቅርቤዋለሁ። ግማሹ ደግፏል፤ ግማሹ “አደጋ ቢደርስ ማን ይጠየቃል?” ብሏል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገርበታለን።

እስከዚያው ታቦር ወይም አቶቴ አካባቢ ሰርቪስ ቤት ያላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ከወንድሜ ጓደኞች አንዱ ክፍል ይፈልጋል። ይጠጣል፤ አልደብቃችሁም። ኪራዩን የሚሸፍንለት ዘመድ አግኝተናል። ሌሊት ስልክ የማነሣው እኔ ነኝ።