ካደርሽ አልነካሽም

ግንባሬ ላይ 10 ብር ተለጥፎ ስለ ተቅማጥ ያስተማርኩት ማክሰኞ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ፊቴን በታጠብኩ ቁጥር እጄ ሳላውቀው ግንባሬን ይዳስሳል።

ጠዋት 2፡30 ላይ ካርድ ክፍል ፊት ለፊት የሚሰጠውን የጤና ትምህርት ታውቁታላችሁ። አስተማሪው ፖስተር ያነባል፣ ተሰላፊው ተራው እንዳይወሰድበት በር በሩን ያያል። እኔ በትርፍ ሰዓቴ ክራር እመታለሁ። አለቃዬ ይህን ሰምቶ "እስቲ ትምህርቱን አዋዛው" አለኝ። አዋዛሁት።

ለሚሞክር ሰው፦ ገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳ እርጥበት ይጠጣል። ሐምሌ ላይ ቤታችሁ ቃኝታችሁ ከወጣችሁ ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ስድስቱም ክር ወርዶ ነው የሚጠብቃችሁ። እዚያው ቦታው ላይ፣ 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው መቃኘት። ቅኝቱም ትዝታ አይሁን። እኔ በትዝታ ጀመርኩ፤ ገና ከመነሻው ግማሹ ሰው የራሱን ጉድ አስታውሶ አንገቱን ደፋ። የሄደ ሰው እያሰበ ሚሊ ሊትር የሚሰማ የለም።

መልእክቱ አንድ ብቻ ይሁን። የኔው ይህ ነበር፦ አንድ እሽግ ለምለም (ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ፤ የተረፈው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ሊትሩ ላይ ሙጭጭ የምለው ወድጄ አይደለም። ብዙ ቤት ያለው ሃይላንድ ግማሽ ሊትር ነው። እሽጉ ሙሉውን እሱ ውስጥ ከተበጠበጠ ጨውና ስኳሩ እጥፍ ይሆንና ከልጁ ሰውነት ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡም ይብሳል። ውሃው ከበዛ ደግሞ ልጁ ያጣውን ጨው አይተካም። ልክ እንደ ክር፦ ሲከር ይበጠሳል፣ ሲላላ ድምፅ የለውም። በዚህች ምሳሌ ኮርቼ ነበር። የሰማት የለም፤ ምክንያቱም ቀጥዬ ዘፈንኩ፦

ለምለም ነይ በውሃ፣ በሊትር ነይ ቶሎ፣
ልጁ ደርቋልና ከንፈሩ ተቃጥሎ።
አንድ ቀን ነው ዕድሜሽ፣ ካደርሽ አልነካሽም፣
ሌላ እበጠብጣለሁ፣ ደፍቼሽ አላይሽም።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ እሽጉ በእጅ ይታያል፣ ይቀደዳል፣ ሰው ፊት ይበጠበጣል፤ ዘፈን ከዚያ በኋላ ነው። እኔ እሽጉን ጋዎኔ ኪስ ውስጥ እንደያዝኩ ዘፈንኩ። ከኋላ አንዷ "ወይ ድፍረት! 'ካደርሽ አልነካሽም' ይላል እንዴ?" አለች። ፊት የተቀመጡ እማማ ግን የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱ፣ 10 ብር አወጡ፣ በምራቃቸው አራሱና ግንባሬ ላይ ለጠፉት። "አይዞህ የኔ ልጅ፣ ያቺ ለምለም ምን ብታደርግህ ነው እንዲህ የመረረህ?"

በምራቅ! ያውም ስለ ተቅማጥ አስተምሬ ሳልጨርስ።

ለምን አልነቀልከውም ትሉ ይሆናል። ክራር ሲመታ ቀኝ እጅ ይገርፋል፣ ግራው የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናል። ግራዬን ባነሳ ስድስቱም አብረው ይጮሃሉ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ደግሞ እማማ ብሩን እያዩ በስስት ፈገግ ብለዋል፤ እንዴት አድርጌ ልንቀለው?

መጠኑን ያስረዳሁት እንግዲህ እንደዚያ ሆኜ ነው። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፤ ብሩ ተርገበገበ። ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200፤ በአንድ በኩል ለቀቀ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል፤ ቅንድቤ ላይ ደረሰ። ዚንክ 6 ወር ለሞላው በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ሙሉ። ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ። ብሩ አፍንጫዬ ላይ አረፈ።

"ጥያቄ?" አልኩ።

አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። "ለምለም አሁን የት ናት?"

"ፋርማሲ።"

"እ-ህ!" አለ ሰዉ ሁሉ፣ አንገቱን ወደ ፋርማሲው መስኮት አዙሮ። እዚያ የምትሠራው ባልደረባዬ ስሟ ለምለም አይደለም። እስካሁን አታናግረኝም።

ብሩን ገንዘብ ያዧ ጋ ወሰድኩ። "በምን ርዕስ ደረሰኝ ልቁረጥ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ደግሞ ጥበቃው ክራሩን በር ላይ ያዘው፤ መውጫ ወረቀት የለውም። ጠዋት ይዤው ስገባ ሰላም ያለኝ ራሱ ነው! በዚህ ግቢ መድኃኒት ሲጠፋ የሚጠይቅ የለም፣ ክራር ሲወጣ ግን ሕግ አለ። ፈራሚው ስብሰባ ስለነበረ ክራሬ መጋዘን ውስጥ፣ የለምለም ካርቶን ላይ ተጋድሞ አደረ።

ጠዋት ስወስደው ቆዳው ረጥቦ ክሩ ሁሉ ወርዷል። ጥበቃው በሩን እየከፈተልኝ፣ "ዶክተር፣ ከለምለም ጋር ነው ያደረው፤ እንግዲህ አይነኩትም አይደል?"