ሲሄክ የምትባል ወፍ

ትናንት ማታ ኔትወርኩ ደህና ስለነበር ስለ አንዲት ወፍ ሳነብ አመሸሁ። ሲሄክ ትባላለች፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች ጉዋም የምትባል ደሴት ወፍ ናት። ዘሯ ዓሳ አጥማጅ ከሚባሉት ነው ግን ጫካ ውስጥ ስለምትኖር ዓሳ ላይ የለችበትም፣ እንሽላሊትና ፌንጣ ምናምን ነው የምትበላው። እኔ የማውቃት ጎርጎራ ጣና ላይ ያለችዋን ጥቁርና ነጯን ነው፣ አየር ላይ ክንፏን እያርገበገበች ቆማ ቆማ ድንገት ውሃው ውስጥ የምትወረወረዋን። ይቺኛዋ ግን ቅርንጫፍ ላይ ዝም ብላ ቁጭ ትልና የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ካየች ወርዳ ላፍ፣ በቃ። ወንዱ ሆዱ ድረስ ቀረፋ መልክ ነው፣ የሴቷ ሆድ ነጭ ነው፣ ክንፋቸው ሰማያዊ።

እኔን የገረመኝ ጎጆ አሰራራቸው ነው። የበሰበሰ ግን ገና ያልወደቀ ዛፍ ይፈልጋሉ፣ ከዛ ትንሽ ራቅ ካለ ቦታ ተነስተው እየበረሩ መጥተው ግንዱን በመንቁራቸው ድው! ተመልሰው ደግሞ ድው፣ እንዲህ እያሉ እስኪቦረቦር ድረስ፣ ወንዱም ሴቷም። ደግሞ ተናካሽ ናቸው አሉ፣ ጥንድ ሆነው የሚስማሙትም አብረው ሲቦረቡሩ ስለሆነ በሰው እጅ ላሉትም ግንድ ይገባላቸዋል። እኛ ጋ እኮ የደረቀ ዛፍ ቆሞ አያድርም፣ ወዲያው ማገዶ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ካልሆነ በቀር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዛፍ ላይ የሚወጣ ቡናማ እባብ ጉዋም ገባ፣ ከዕቃ ጋር ተደብቆ ነው ይባላል። የደሴቲቱ ወፎች እንዲህ አይነት ጠላት አያውቁም፣ እንቁላሉንም ጫጩቱንም እናቲቱንም ጠራረጋቸው፣ በፈረንጆች 1988 ጫካው ውስጥ አንድም ሲሄክ አልቀረም። ደግነቱ ከዛ በፊት 29 ወፎች ተይዘው አሜሪካ ተወስደው ነበር፣ ዛሬ ያሉት በሙሉ የእነሱ ዘር ናቸው። በ2024 መስከረም ላይ 9 ወጣት ሲሄኮች ፓልማይራ የምትባል እባብ የሌለባት ሌላ ደሴት ላይ ተለቀቁ። በሰው እጅ ያደጉ ናቸው፣ ጫካ አይተው አያውቁም፣ ግን ዓመት ሳይሞላቸው ጎጆ ቦርቡረው እንቁላል ጣሉ! ማን አስተማራቸው?

ለእማዬ ስነግራት «ለምን እባቡን ገድለው አገሯ አይመልሷትም?» አለችኝ። እማዬ ጫካው እኮ በእባብ ተሞልቷል፣ ስንት ዓመት በወጥመድ በመርዝ ሲታገሉት አላለቀም አልኳት። «ታዲያ ሰው አገር ወልዳ ምን ሊሆናት ነው» ብላ ቡናዋን ቀዳች። እኔ ግን ዘሯ ከሚጠፋ የትም ትውለድ ባይ ነኝ፣ አልተስማማንም።