ዶርዜ ደርሼ መጣሁ፦ ጭስ፣ ቀርከሃ እና የበርጩማዬ ታሪፍ

አርባ ምንጭ ሁለት ቀን በሙቀት ስቀቀል ከርሜ ዶርዜ ልውጣ ብዬ ተነሳሁ፣ ጃኬት ግን አልያዝኩም። አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ከላብ ወደ ጥርስ ማንገጫገጭ እገባለሁ ብዬ መቼ አሰብኩ። ስለ መንገዱ ብዙም የምለው የለም፣ ዳገት ነው፣ ይጠማዘዛል፣ አባያና ጫሞ ከታች ይታያሉ ይባላል፣ የኔ መስኮት ግን በሰው ጆንያ ተጋርዶ ነበር።

ሽሮ ሜዳ ስላደኩ ዶርዜ ሲባል ለኔ ሸማኔ ነው በቃ፣ ጎረቤቶቻችን ሁሉ እነሱ ነበሩ። ስለ ቀርከሃው ማንም አልነገረኝም። እዚህ ከእንሰቱ ጀርባ የየቤቱ ቀርከሃ ቆሟል፣ አጥሩ እሱ፣ መሰላሉ እሱ፣ የንብ ቀፎው እሱ፣ ቤቱም እሱ።

ያደርኩት እዛው የዶርዜ ቤት ውስጥ ነው። ፊት ለፊት ቆመህ ስታየው ዝሆን ነው፣ ወጣ ያለችው በር ኩምቢው፣ ከላይ ያሉት ቀዳዳዎች አይኖቹ። የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ ነው የተሰራው፣ ላዩን የእንሰት ቅጠልና የቀርከሃ ቅርፊት ያለብሱታል። ያምራል፣ ሌሊቱ ግን መከራ ነበር! መሀል ላይ እሳት ይነዳል፣ ጭሱ መውጫ ያጣ ይመስል እኔ ላይ ይመጣል፣ ወደ ግድግዳ ስሸሽ ደግሞ ብርዱ።

ጠዋት አይኔ በርበሬ መስሎ ስወጣ ባለቤቱ ሳቁብኝ። «ልጄ ጭሱ ባይኖር ቤቱን ነቀዝ ይጨርሰው ነበር» አሉኝ። ምስጡ ግን ለጭስም አይመለስ፣ ከመሬቱ በኩል ይበላል፣ የተበላውን እየቆረጡ ሲጥሉት ቤቱ በየጊዜው ያጥራል። አዲስ ሲሰራ እስከ 12 ሜትር የሚደርስ አለ፣ የሳቸው ግን ካባታቸው የወረሱት ስለሆነ በሩ ጎንበስ ያስብላል። ቦታ መቀየር ካስፈለገ ደግሞ ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱን እንዳለ ነቅሎ ተሸክሞ ይወስደዋል። እኔ ያከራዬን ፊት አሰብኩ፣ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ቤቱን ተሸክሜ ብወጣ።

ቁርስ ቆጮ በማርና በዳጣ ነበር፣ ለሱ ብቻ ተመልሼ እሄዳለሁ።

ከዛ ጋሼ ገጀራቸውን ይዘው ጓሮ ወሰዱኝ። ረጅም ለምለሙን ሳደንቅ በገጀራው ጀርባ ኳ ኳ አደረጉትና «ይሄ ገና ልጅ ነው፣ ቁመቱ እንዳይሸውድህ» አሉ። ለካ ቡቃያው በክረምት ወጥቶ በጥቂት ወር ቁመቱን ይጨርሳል፣ ከዛ በኋላ አይረዝምም አይወፍርም፣ የሚቀረው መጠንከር ነው፣ ለሱ ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ልጁ ቅርፊቱን ገና አላወለቀም፣ የደረሰው ደግሞ ሽበት የመሰለ ነገር አብቅሏል። ሳይደርስ ከተቆረጠ ነቀዝ ይወደዋል። አንድ የደረሰ ቆርጠው አፉ ላይ ገጀራውን አስገብተው መታ ሲያደርጉት እየተንጣጣ እስከታች ለሁለት ተከፈለ፣ ውስጡ ባዶ፣ አንጓዎቹ ጋ ብቻ እንደ ክዳን የተዘጋ። አሶሳ በኩል ያለው የቆላው ቀርከሃ፣ ሽመል የሚሉት፣ ውስጡ ድፍን ነው፣ ይሄ የደጋው ነው።

በርጩማ ይስሩልኝ ስላቸው 800 ብር፣ ግን ሳምንት ጠብቅ አሉ። ማን ይጠብቃል? መንገድ ዳር ልጆች ጋ በ350 ገዛሁ፣ አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በጣም ደስ የሚል። ስወርድ የሚኒባሱ ረዳት ለበርጩማው የሰው ሂሳብ ጠየቀኝ፣ ጭኔ ላይ ነው ያለው ብዬ ብነግረውም «ቦታ ይዟል» ብሎ ድርቅ፣ ከፈልኩ። አጠገቤ የነበሩ እናት «እንግዲያው ወንበር ይስጠው» ብለው ሲስቁበት እንኳን ፊቱ አልተፈታም።

ይሄው ሁለት ወሩ ነው። ትናንት ሳሎን ስጠርግ ከበርጩማው እግር ስር ቢጫ ዱቄት አገኘሁ፣ ጠረግኩት፣ ዛሬ ጠዋት ሌላ አለ።