ደመራውን ለመቅዳት ሦስት ዓመት

መስከረም 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ እማዬ ቡና አፍልታ ሶፋው ላይ ተመቻችታ ተቀምጣለች። የእህቴ ልጅ ከመስቀል አደባባይ ተመልሳ የዝማሬ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ከሰንበት ትምህርት ቤቷ ጋር ደመራ ላይ ስትዘምር የመጀመሪያዋ ነበር። ሪሞቱን አንስቼ የተቀዳውን ከፈትኩ። ዜና መጣ። ቀጥሎ ማስታወቂያ። ወደፊት ባሳልፈው ባሳልፈው ደመራ የለም። ልክ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ቅጂው አለቀ።

ሪሲቨሩ ላይ ከ8:00 እስከ 12:00 ብዬ ነበር የሞላሁት። የሪሲቨሩ 8:00 ግን የእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። 14:00 ማለት ነበረብኝ። ቀኑን አልተሳሳትኩም። 2015 ጳጉሜ 6 የነበራት ዓመት ስለሆነች ደመራ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 26 ሳይሆን 27 እንደሚውል ካላንደር አገላብጬ አረጋግጫለሁ። ሰዓቱን ግን በአፌ እንደምጠራው ጻፍኩት።

«ማሚ አታየኝም ማለት ነው?» አለች ልጅቷ።

እናቷ፣ ታላቅ እህቴ፣ ዱባይ ነው የምትሠራው። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናት። ቤታችን ዋይፋይ የለም። በኋላ ኢንተርኔት ላይ የተጫኑትን ፈልገን ነበር፤ ያገኘናቸው ግን የልጆቹ ዝማሬ የተቆረጠባቸው ናቸው። ስለዚህ የመቅዳቱ ነገር ለእኔ የትርፍ ጊዜ ጉዳይ አልነበረም።

ያንን የመጀመሪያ ሪሲቨር የገዛሁት መርካቶ ነው። «ይቀዳል ወይ?» አልኩ። «ይቀዳል የኔ እህት፣ ፍላሽ ሰክተሽ ነው» አለኝ ሻጩ። አልዋሸኝም። ጥያቄዬ ግን ጎዶሎ ነበር። የመቅጃ ዕቃ የሚፈተነው ቤት ሰው በሌለበት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይነሳል? መብራት ቢጠፋስ? የቀዳውን ከዚያ ዕቃ ውጭ ማየት ይቻላል? እነዚህን መጠየቅ የተማርኩት እየከሰርኩ ነው።

በ2017 ሰዓቱን በትክክል ሞላሁ። ማታ ስንከፍተው ዝግጅቱ አለ። አባቶች ይታያሉ፣ ሕዝቡ ይታያል። ሁለት ሰዓት ገደማ ሄዶ ግን ቀጥ አለ። የልጅቷ መዝሙር ገና አልደረሰም ነበር። እማዬ ምንም አላለችም፣ ስኒውን አነሳች።

መጀመሪያ መብራት መስሎኝ ነበር፤ በእርግጥ ያን ቀን ሰፈራችን ጠፍቶ መጥቷል። ፋይሉን ላፕቶፕ ላይ ሳየው ግን መጠኑ 4 ጊጋ ላይ ነው የቆመው። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ነው። በዚያ አሠራር አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ማለፍ አይችልም። አንዳንድ ሪሲቨር 4 ጊጋ ሲደርስ አዲስ ፋይል ከፍቶ ይቀጥላል። የእኔው አይቀጥልም። በእኛ ቤት አንድ ሰዓት ኤችዲ 2 ጊጋ አካባቢ ይይዛል። ለአራት ሰዓት ደመራ 8 ጊጋ ያስፈልጋል ማለት ነው። ፍላሹ 32 ጊጋ ስለሆነ ይበቃል ብዬ ተማምኜ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ አማራጮቹን አየሁ። ጎረቤታችን ስማርት ቲቪ አለው፤ ቲቪው ራሱ ይቀዳል ብሎኝ ሄጄ ሞከርኩት። የሚቀዳው ግን በራሱ መቀበያ የሚገባውን ብቻ ነው። ከሪሲቨር በኤችዲኤምአይ ገመድ የሚመጣውን ያሳያል እንጂ አይቀዳም። እንደ ዲኤስቲቪ ኤክስፕሎራ ያለው ዲኮደር በውስጡ ሃርድ ዲስክ አለው፣ አቀዳዱም ምቹ ነው። ነገር ግን ወርሃዊ ክፍያ አለው፣ የተቀዳውም እዚያው ዲኮደር ላይ ነው የሚታየው። ለእህቴ መላክ አልችልም። ስለዚህ ተመልሼ ወደ ተራው ሪሲቨር መጣሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን የምፈልገውን አውቄ።

ሱቅ የሄድኩት የራሴን ፍላሽና ላፕቶፕ ይዤ ነው። ሻጩን ዲሽ ያለበት መስመር ላይ እንዲሰካልኝ ለመንኩት። መጀመሪያ ደስ አላለውም፣ በኋላ ግን እሱም ተባበረኝ። አንዱ ሪሲቨር የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው፤ የሚያገለግለው ግን ሶፍትዌር ለመጫንና ዘፈን ለማጫወት ነው። ሌላው ይቀዳል፣ ላፕቶፑ ላይ ግን ፋይሉ አልከፈት አለ። ሦስተኛው አሥር ደቂቃ ቀዳ፤ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ወዲያው ተከፈተ። ጠፍቶ እያለም ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ተነስቶ ቀዳ። የ4 ጊጋ ገደብ በሌለው በኤንቲኤፍኤስ አሠራር ፎርማት የተደረገ ዲስክም ይቀበላል። እሱን ገዛሁ።

እሱን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ለእኔ ትልቁ ይኸው ነው። በ12 ቮልት አዳፕተር ነው የሚሠራው። ለዋይፋይ ራውተር የሚሸጡት ትናንሽ ዩፒኤሶች፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግሉት ባትሪዎች፣ 12 ቮልት ይሰጣሉ፤ የአዳፕተሩን አምፔር አይቼ የሚመጥነውን ገዛሁ። ዲሹ ላይ ያለው ሲግናል መቀበያ ጭንቅላት፣ ኤልኤንቢ የሚሉት፣ ኃይል የሚያገኘው ከሪሲቨሩ ነው፣ በዚያው ገመድ። ቲቪው ደግሞ ለመቅዳት አያስፈልግም። እንግዲህ መብራት ቢጠፋም ቤቱ ጨለማ ሆኖ፣ ቲቪው ሞቶ፣ ያቺ ትንሽ ዕቃ መቅዳቷን ትቀጥላለች። መጀመሪያ ስሞክረው የቆጣሪውን ማጥፊያ ራሴ አወረድኩት። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን አላቆመችም። እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ፍላሹንም ተውኩት። ዘገምተኛ ፍላሽ ላይ ኤችዲ ሲቀዳ ምስሉ ይቆራረጣል። ትንሽ ሃርድ ዲስክ ስሰካ ደግሞ ሲነሳ ጭር ጭር እያለ ይጠፋ ነበር። የሪሲቨሩ ዩኤስቢ የሚሰጠው ኃይል አልበቃውም። የሚሽከረከር ነገር በሌለው ዲስክ፣ በኤስኤስዲ፣ ስቀይረው ተስተካከለ።

አንድ ነገር ግን ዕቃው አይፈታውም። ሪሲቨሩ መቀበያው አንድ ነው። እየቀዳ ሳለ መቀየር የሚቻለው በዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ወዳሉ ቻናሎች ብቻ ነው። ዲሻችን ኢትዮሳት ላይ፣ ማለትም 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለዞረ ብዙዎቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች እዚያው ናቸው፣ ፍሪኩዌንሲያቸው ግን ይለያያል። የእማዬ ተከታታይ ድራማ የቱ ጋር እንዳለ አይቼ በወረቀት ጽፌ ቲቪው ጎን ለጠፍኩላት። እሷም ከእኔ በላይ ታውቀዋለች አሁን።

ከደመራ በፊት ሁለት ሳምንት በየማታው ሞከርኩ። አንድ ቀን ዜና፣ አንድ ቀን ድራማ። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ጨመርኩ፤ ቀጥታ ሥርጭት በሰዓቱ አይጀምርም፣ በሰዓቱም አያልቅም። ሰዓቱን ከመሙላቴ በፊትም ሪሲቨሩ ራሱ አሁን ስንት እንደሚል አየሁ። በእኛ አገር ሰዓት፣ በጂኤምቲ +3 ላይ ካልሆነ ሁሉም ይዛባል።

መስከረም 16 ቀን 2018 መብራት አልጠፋም። አምስት ሰዓት ሙሉ ተቀድቷል። ልጅቷ በዝማሬ ልብሷ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ እማዬ ከኋላዋ። ተራቸው ሲደርስ ካሜራው ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ። «ይኸው! ይኸው!» ብላ ተነሳች። አቆምኩት። እማዬ መነጽሯን ፈልጋ አድርጋ እስክሪኑ ድረስ ሄደች። ጣቷን የልጅቷ ፊት ላይ አስቀመጠች።

ሙሉው ፋይል ለቴሌግራም ይከብዳል፤ ካልተከፈለበት በአንድ ፋይል ከ2 ጊጋ በላይ አይልክም። የእነሱን መዝሙር ብቻ ስድስት ደቂቃ ቆርጬ ላኩ። እህቴ መልስ የሰጠችው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው፣ ከሥራ ስትወጣ። ቪዲዮውን አቁማ ፎቶ አንስታዋለች። አንዲት ልጅ ዙሪያ በቀይ ክብ ሠርታ «ይቺ ናት አይደል? ሁለተኛው ረድፍ፣ ከግራ አራተኛዋ» ብላለች።

እሷው ነበረች።