ጋሼ በሌሉበት

እ.ኤ.አ. በማርች 2013 በካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚጨቃጨቅበት ጉዳይ አንድ ነበር፤ የሆኪ ተጫዋቹ ጃሮም ኢጊንላ ይሸጥ ወይስ ይቆይ? እኔ በምሠራበት የዳቦ ፋብሪካም የሌሊት ፈረቃው የሻይ ሰዓት ወደ ሸንጎነት ከተለወጠ ሰንብቷል። እኔ የፈረቃው የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ስለሆንኩ ሰዎች ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ሊያማክሩኝ መጥተው ወሬው ኢጊንላ ላይ ያልቃል።

የበረዶ ሆኪን ለማይከታተል አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ኢጊንላ ከናይጄሪያዊ አባት ኤድመንተን የተወለደ ተጫዋች ነው። ካልጋሪ ፍሌምስ ገና በወጣትነቱ አምጥቶት ከ2003 ጀምሮ አምበል ሆኗል፤ ለክለቡም 525 ጎል አስቆጥሯል። በ2004 ቡድኑን ስታንሊ ካፕ እስከሚባለው የሊጉ ዋንጫ ፍጻሜ አድርሶ በሰባተኛው ጨዋታ በታምፓ ቤይ ተሸነፉ። ለአገሩ ለካናዳ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ አለው፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይ አሜሪካን ያሸነፉበትን ጎል ለሲድኒ ክሮዝቢ ያቀበለው እርሱ ነው። በ2013 ግን ዕድሜው 35 ደርሷል፤ ፍሌምስም ከ2009 ወዲህ ወደ ጥሎ ማለፉ ገብቶ አያውቅም። ውሉ በዚያው በጋ ያልቃል። የዝውውር ጊዜው ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ሳይዘጋ ካልተሸጠ፣ ክለቡ አንድም ነገር ሳያገኝ ሊያጣው ይችላል።

የማሸጊያ ክፍሉ ሰው የ«ይሸጥ» ወገን መሪ ነበር። «ቡድኑ ፈርሶ እንደ አዲስ ካልተሠራ አይድንም፤ ገበያ የሚያወጣ ያለን ደግሞ እርሱ ብቻ ነው» ይላል። የምድጃው ኃላፊ በበኩሉ ፊቱ ቀልቶ ይነሣል፤ «አምበል እኮ ነው! አሥራ ስድስት ዓመት የደከመ ሰው እንደ አሮጌ ዕቃ ይቸረቸራል?» ከሁሉም አጥብቆ የሚከራከረው ግን አንድም ጨዋታ አይቶ የማያውቅ አዲስ ገቢ ልጅ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በየሸንጎው አይጠፋም።

ጋሼ ጥግ ይዘው ሻያቸውን እየጠጡ ያዳምጣሉ። በሱዳን በኩል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የመጡ ሰው ናቸው፤ ፍሌምስ በ1989 ሞንትሪያልን አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሣ በቴሌቪዥን ተመልክተዋል። ከዚያ ወዲህ ክለቡ ሁለተኛ ዋንጫ አላነሣም፤ እርሳቸውም ጨዋታ አያመልጣቸውም። ነገር ግን «ይሸጥ» ሲሉም «ይቆይ» ሲሉም ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ «ውሉ ላይ ያለ ፈቃዱ እንዳያዛውሩት የሚከለክል አንቀጽ አለው አይደል? ታዲያ እናንተ ምን አገባችሁ?» ብለው ተነሡ።

የጋሼ ሥራ ማቡኪያ ላይ ነው። የካልጋሪ ክረምት አየር ደረቅ ስለሆነ ዱቄቱ ውኃ ይጠጣል፤ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራሮቹ የወረደ ጊዜ ደግሞ ብርዱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተሰብሮ ሊጡ ሳይታሰብ ይሞቅና ያለ ጊዜው ኩፍ ይላል። ጋሼ ከሊጡ ቁራጭ ቆንጥረው በሁለት እጃቸው ጣቶች ቀስ አድርገው ይወጥሩታል፤ ሳይበጠስ ሳስቶ መብራቱን ካሳለፈ በቅቷል ማለት ነው። ሞቆ ካገኙት ለሚቀጥለው ቡኮ ከውኃው ቀንሰው የተከሰከሰ በረዶ ይጨምራሉ። መጠኑን የሚያውቁት እጃቸውና እርሳቸው ናቸው።

በዚያው ሰሞን ፋብሪካው በኮምፒውተር የሚሠራ አዲስ የማቡኪያ መስመር አስገባ። ኃላፊዎቹ ላይ ቤት ስብሰባ ተቀመጡ። የፈረቃው ኃላፊ ኋላ እንደነገረኝ፣ አብዛኛውን ሰዓት የወሰደው የጋሼ ጉዳይ ነበር። የምርት ኃላፊው «እኒህ ሰው ክብር ይገባቸዋል፤ ወደ ቀን ፈረቃ አምጥተን የዱቄት ናሙና ማየት የመሰለ ቀላል ሥራ እንስጣቸው» አለ። የሒሳብ ክፍሉ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ተሰጥቷቸው በጊዜ ጡረታ እንዲወጡ ፈለገ። የፈረቃው ኃላፊ አሮጌው ማሽን እስኪነቀል ድረስ ባሉበት ይቆዩ ባይ ነበር። ሦስቱም ይወዷቸዋል፤ ይህን እመሰክራለሁ። ደረጃውን ወርዶ ሰውየውን የጠየቀ ግን የለም።

ረቡዕ ማርች 27 ከሰዓት በኋላ ምደባው በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጠፈ። ጋሼ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ የቀን ፈረቃ፣ ናሙና ክፍል። ያን ዕለት ማታ ደግሞ ፍሌምስ ከኮሎራዶ ጋር ሲጫወት ኢጊንላ አልተሰለፈም፤ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ቀጥሎም ወደ ቦስተን ብሩይንስ ሄደ ተብሎ በቴሌቪዥን ተነገረ። የማሸጊያው ሰው በልዋጩ ከቦስተን የሚመጡትን ወጣቶች እየቆጠረ ለቀጣዩ ዓመት አሰላለፍ ማውጣት ጀመረ። ሌሊቱ ሳይነጋ ወሬው ተገለበጠ፤ ኢጊንላ የሄደው ወደ ፒትስበርግ ፔንግዊንስ ነው። የመጨረሻው ቃል የእርሱ ስለነበር ቦስተን የያዘው መስሎት ሳይዘው ቀረ።

ማረፊያ ክፍሉ በዚህ ሲንጫጫ ጋሼ ወደ ማቡኪያው ጠሩኝ። ዱቄት በያዘው እጃቸው የኅብረት ስምምነቱን መጽሐፍ እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ እስቲ የጡረታውን አንቀጽ አንብብልኝ» አሉ። እርሳቸው ሳያውቁት ቀርቶ አይደለም፤ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነበው ፈልገው ነው። በእኛ ውል የጡረታ አበል የሚሰላው ከፍተኛ ደመወዝ የተከፈለባቸውን ተከታታይ አምስት ዓመታት አማካይ ይዞ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ ጭማሪም ከደመወዙ ጋር ይደመራል። ጋሼ ደግሞ ወደ ከፍተኛው እርከን የወጡት በቅርቡ ነው። አሁን ወደ ቀን ከዞሩ አምስቱ ዓመት ሳይሞላ ጭማሪው ይቀራል፤ «ክብር» የተባለው ምደባ ዕድሜ ልካቸውን በየወሩ ከኪሳቸው ይቀንሳል።

«ለምን ቀደም ብለው አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀኝ?»

በማግስቱ ጠዋት አብረን ላይ ቤት ወጣን። የምርት ኃላፊው ተከፋ፤ «ውለታ የዋልንላቸው መስሎን ነበር» አለ። እኔ የምደባውን አንቀጽ አነበብኩ፤ የረጅም ጊዜ አገልግሎት ያለው ሠራተኛ ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ ከፈረቃው አይነሣም። ክርክሩ እዚህ ላይ የሚቆም መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የጠየቁት በአሮጌው ማሽን ላይ ለመቆየት አይደለም፤ አዲሱ መስመር ላይ፣ እዚያው ሌሊት፣ ሁለት ወጣቶች ተመድበውላቸው ለመሥራት ነው። እርሳቸው ልጆቹን ሊጡን ያስነኳቸዋል፤ ልጆቹ ደግሞ ለእርሳቸው የኮምፒውተሩን ሰሌዳ ያስተምሯቸዋል። ከስብሰባው ሦስት ሐሳቦች አንዱም ይህን አልነካም። ለካ ሁሉም የተከራከሩት ሽማግሌው አዲስ ነገር አይፈልጉም ብለው ነው።

የምርት ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኮምፒውተሩን ይችሉታል?» ሲል ጠየቀ።

«ኮምፒውተሩስ ሊጡን ይችለዋል?» አሉ ጋሼ።

ተፈቀደ። ሰኞ አዲስ ምደባ ተለጠፈ። በመጀመሪያው የቺኑክ ሌሊት ኮምፒውተሩ ሁሉም ደኅና ነው እያለ ሊጡ ከገንዳው ጠርዝ ሲነሣ፣ ከሁለቱ ልጆች አንዷ ቆንጥራ ወጥራ አየችውና ሳትጠየቅ ወደ በረዶው ሄደች። ጋሼ ቆመው አዩአት፤ አንድ አካፋ ስትጨምር ራሳቸውን ነቀነቁና ሌላ ግማሽ አስጨመሯት።

ጁን ላይ የማሸጊያው ሰው ደስታ ወሰን አጣ። ቦስተን ፒትስበርግን አራት ለዜሮ ጠርጎ ከዋንጫው መንገድ አስወጣው፤ በአራቱ ጨዋታዎች የእነ ኢጊንላ ቡድን ያስቆጠረው ሁለት ጎል ብቻ ነበር። «አያችሁ? ቦስተን ቢሄድ ኖሮ!» እያለ ዞረ። ጋሼ ብዙም አልደነቃቸውም፤ «እናንተ መርጣችሁለት ቢሸነፍ ይሻለው ነበር?» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ኢጊንላ በዚያው በጋ ራሱ ፈርሞ ቦስተን ገባ። ዋንጫ ሳይዝ ነው ጫማውን የሰቀለው።

ካልጋሪ በምትኩ ያገኘው ሁለት ወጣት አጥቂዎችና ክለቦች በየተራ አዳዲስ ወጣቶችን ከሚመርጡበት ዓመታዊ ምርጫ አንድ የመጀመሪያ ዙር ዕድል ነበር። በዚያ ዕድል 28ኛ ሆኖ የተመረጠው ልጅ በዋናው ሊግ የተጫወተው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። በ2015 ቡድኑ ወደ ጥሎ ማለፉ ሲመለስ የተሸከሙት በሌላ መንገድ የመጡ ልጆች ነበሩ። እንግዲህ የ«ይሸጥ» ወገን ሒሳቡ አልያዘለትም፤ የ«ይቆይ» ወገንም ቢሆን ስለ ታማኝነት ሲያወራ በአብዛኛው የሚያወራው የራሱን ትዝታ እንዳይወስዱበት ነው። የእኛ ላይ ቤትም ቢሆን ከዓመታት በፊት ከጋሼ ጎን ተለማማጅ አስቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ ማሽኑ ከመጣ በኋላ ያን ያህል ባልተጨነቀ።

አሁን የምደባ ቅጹ ላይ ኃላፊው ከመፈረሙ በፊት የሚሞላ አንድ መስመር አለ፤ «ሠራተኛው ራሱ የጠየቀው» ይላል። ለማስገባት ሁለት የድርድር ወቅት ፈጅቶብናል። ጋሼ አምስቱን ዓመት ሞልተው ጡረታ ወጥተዋል። በማርች 2019 ፍሌምስ የኢጊንላን 12 ቁጥር ማልያ ሳድልዶም ጣሪያ ላይ ሲሰቅል፣ የማሸጊያው ሰውና የምድጃው ኃላፊ አብረው ትኬት ገዝተው ገቡ። የማሸጊያው ሰው ሲመለስም «በ2011 ሸጠነው ቢሆን ኖሮ» እያለ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ መሸጡ ካልቀረ በዓመቱ ላይ እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ።