የአየርላንድ ሙዚቃ በነፃ የኦንላይን ፌስቲቫል፦ ከሁሉ በፊት ድምፁ

የቅዱስ ፓትሪክ በዓል በሚውልበት በማርች 17 ለሚታይ የኦንላይን ፌስቲቫል ዝግጅቱን የምጀምረው ከድምፅ ነው። ምስል ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሣል፤ ዜማ ከተቆራረጠ ግን ጥሎ ይሄዳል።

በጣም የሚፈትነው ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 የመዘገበው ኢለን ፓይፕስ የተባለው የአየርላንድ ባለከረጢት የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ከረጢቱ አየር የሚሞላው በአፍ ሳይሆን በክንድ በሚጫን ወናፍ ሲሆን፣ ከዜማው ሥር ሦስት ቱቦዎች ሳያቋርጡ ያስገመግማሉ። የዙም ድምፅ ማጣሪያ ይህን እንደ ቬንትሌተር ጫጫታ ቆጥሮ ያጠፋዋል፤ የሚቀረው ነፍሱ የወጣ ዜማ ነው። ስለዚህ ከድምፅ ሴቲንጉ ለሙዚቀኞች የተዘጋጀውን ኦሪጂናል ሳውንድ አበራለሁ፣ የማሚቶ መከላከያውን አጠፋለሁ፣ ሁሉም ሄድፎን እንዲያደርግ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ያለ ሄድፎን ከስፒከር የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል።

በየቤታቸው ያሉ ሙዚቀኞችን በላይቭ አብሮ ማጫወት አይሆንም። መዘግየቱ ከ30 ሚሊሰከንድ ገደማ ካለፈ ምቱ ይላላል፤ የቪዲዮ ጥሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በብዙ ይዘገያል። ምቱ የማይናወጠው ፊድል (ቫዮሊን) ተጫዋች ቀድሞ ይቀዳል፤ ፍሉቱና በአጭር እንጨት የሚመታው ቦራን ከበሮ እሱን በሄድፎን እየሰሙ በየተራ ይከተላሉ። ሁሉም መነሻው ላይ ከቀዳሚው ጋር እኩል አንዴ ያጨበጭባሉ፤ በኋላ ፋይሎቹ የሚገጣጠሙት በዚያ ነው። ፋይሉ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ዋቭ (WAV)፣ 48 ኪሎኸርዝ ይሁን። ሪል የተባለው ፈጣን የዳንስ ዜማ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 8 ባር (የምት ስብስብ) ሁለት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሲደገም 32 ባር ይሆናል። ስንት ዙር እንደሚጫወት አስቀድሞ ካልተነገረ አንዱ ቀድሞ ያቆማል። ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም አላስገድድም፤ ለዛውን ያደርቀዋል።

ለጠንካራ ጫማ ዳንስ ካሜራው እግሩን ሙሉ እንዲይዝ ዝቅ ይበል፤ ወለሉ ላይ ኮምፖርሳቶ ይነጠፍ። ድምፅን በራሱ የሚያስተካክለው ሲስተም ካልጠፋ በእያንዳንዱ ምት ሙዚቃው ይሰምጣል።

ሰዓቱም ያሳስታል። በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ኒው ዮርክ ከደብሊን 5 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ በማርች 17 ግን አሜሪካ ሰዓቷን ቀድማ ስለምትቀይር ልዩነቱ 4 ነው። ደብሊን ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን ኒው ዮርክ ከቀኑ 9፣ አዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ፖስተሩ ላይ ሦስቱንም እጽፋለሁ።

መግቢያው ነፃ ነው ማለት ሙዚቀኛው በነፃ ይጫወት ማለት አይደለም። የልገሳ ሊንኩ ከቪዲዮው ሥር ብቻ ሳይሆን በየዘፈኑ መሃል ስክሪኑ ላይ ይታይ፤ ቪዲዮው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይም ከእያንዳንዱ ሙዚቀኛ ጋር በጽሑፍ ይታሰር።