ሻምፒዮኑ የተሸነፈው ስለናቀ አይደለም

እዚህ ሐዋሳ፣ ዲኤስቲቪ በሚያሳዩ ቤቶች ውስጥ ቴኒስ የሚታየው እግር ኳስ በሌለበት ሰዓት ነው። ተመልካቹ ጥቂት ቢሆንም ፍርድ ለመስጠት ግን ማንም አይዘገይም። አንድ ታላቅ ተጫዋች በደረጃ ብዙ በሚያንሰው ሰው ሲሸነፍ፣ ሁለቱ መረቡ ላይ ተጨባብጠው ሳይለያዩ ብይኑ ይሰጣል፦ «ንቆት ነው»። ወዲያው ደግሞ «የናቁት ያደርጋል ራቁት» የሚለው ተረት ይከተላል። አንድ የማከብራቸው ጎረቤቴ ስለ ስፔናዊው ተጫዋች ራፋኤል ናዳል ይህን ሲሉ «ጋሼ፣ ናዳል እኮ ማንንም ንቆ የሚጫወት ሰው አይደለም» ብላቸው፣ «አይ ልጄ፣ በልብ ያለውን ማን ያየዋል?» ብለው ዘጉኝ። በእርግጥ በልብ ያለው አይታይም፤ ሜዳ ላይ የሚሆነው ግን ይታያል። ንቀት የሚለው ማብራሪያ የማይዋጥልኝም በዚሁ ምክንያት ነው።

አስቀድሞ የነጥብ አቆጣጠሩን መረዳት ያስፈልጋል። ስዊዘርላንዳዊው የቴኒስ ሻምፒዮን ሮጀር ፌደረር እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካው ዳርትማውዝ ኮሌጅ የምረቃ በዓል ላይ ባደረገው ንግግር፣ በነጠላ ካደረጋቸው 1,526 ጨዋታዎች ወደ 80 በመቶ የሚጠጉትን ቢያሸንፍም ከተጫወታቸው ነጥቦች ግን ያሸነፈው 54 በመቶውን ብቻ እንደሆነ ተናግሯል። ይህ የሚሆነው ነጥቦቹ ጌም በሚባለው ትንሽ ክፍል፣ ጌሞቹም ‹ሴት› (set) በሚባለው ትልቅ ክፍል እየተጠቃለሉ ስለሚሄዱና በየደረጃው ትንሿ ብልጫ እየሰፋች ስለምትመጣ ነው። እያንዳንዱን ነጥብ 54 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ያለው ሰው፣ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን፣ ከ100 ጌም 60 ያህሉን ይወስዳል። በአንጻሩ በዚያች ቀን ብልጫው ቢጠፋና ነጥቡ እኩል ለእኩል ቢሆን ጨዋታው ሳንቲም እንደመወርወር ይሆናል። 200 ነጥብ በተቆጠረበት ጨዋታ በሻምፒዮኑና በሳንቲሙ መካከል ያለው ርቀት ስምንት ነጥብ ያህል ነው ማለት ነው። እነዚህ ስምንት ነጥቦች እንዲጠፉ ደግሞ ሻምፒዮኑ መስነፍ አይጠበቅበትም፤ የሰርቩ (የመክፈቻ ምቱ) ፍጥነት በጥቂቱ ቢቀንስ፣ ወይም ተጋጣሚው መስመሩን ለጥቂት ይስት የነበረውን ኳስ መስመሩ ላይ ማሳረፍ ቢጀምር ይበቃል።

ስለዚህ የእኔ ጥያቄ «ለምን ተዘናጋ?» የሚል ሳይሆን «እነዚያን ጥቂት ነጥቦች ማን፣ በምን ዘዴ ወሰዳቸው?» የሚል ነው። ለዚህ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2009 በሮላን ጋሮስ፣ ማለትም በፓሪሱ የፈረንሳይ ኦፕን፣ ከተደረገው ጨዋታ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ራፋኤል ናዳል ወደ አራተኛው ዙር ሲገባ በዚያ ሜዳ 31 ጊዜ ተጫውቶ 31 ጊዜ አሸንፏል፤ ከ2005 እስከ 2008 ያሉትን አራት ዋንጫዎችም ወስዷል። የገጠመው ስዊድናዊው ሮቢን ሶደርሊንግ በውድድሩ 23ኛ ሆኖ የተመደበ ነበር። ውጤቱ 6 ለ 2፣ 6 ለ 7፣ 6 ለ 4፣ 7 ለ 6 ሆኖ ሶደርሊንግ አሸነፈ። የንቀት ማብራሪያ እዚህ ላይ የሚፈርሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዙ የዊምብልደን ውድድር ሲጫወቱ ሶደርሊንግ የናዳልን የሜዳ ላይ ልማድ በማስመሰል ቀልዶበት ስለነበር፣ ናዳል ሊዘነጋው የማይችለው ተጋጣሚ ቢኖር እሱ ነበር። ሁለተኛ፣ ከሮላን ጋሮሱ ሽንፈት ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በሮም ናዳል 6 ለ 1፣ 6 ለ 0 አድርጎ ሸኝቶታል፤ ይህ ደግሞ የሚንቅ ሰው ሥራ አይደለም።

ታዲያ ከሮም እስከ ፓሪስ ምን ተለወጠ? ናዳል በግራ እጁ የሚመታት ፎርሃንድ (በመዳፍ በኩል የምትመታ ኳስ) እጅግ ስለምትሽከረከር፣ ቀዩን አፈር ነክታ ስትነሣ ወደ ቀኝ እጅ ተጫዋቾች ባክሃንድ (በእጅ ጀርባ በኩል የሚመታበት ጎን) አቅጣጫ እስከ ትከሻ ትደርሳለች። አብዛኛው ተጋጣሚ ያችን ኳስ ከትከሻው በላይ እየታገለ ለመመለስ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ባፈገፈገ ቁጥር ሜዳው ለናዳል ይሰፋል። ሶደርሊንግ ግን ቁመቱ 1.93 ሜትር ነው፤ ባክሃንዱንም በሁለት እጁ ይመታል። ሌላውን ትከሻው ላይ የምታስጨንቀውን ኳስ እሱ ደረቱ ጋ ተቀብሎ፣ ሳያሽከረክር፣ በቀጥታና በኃይል መለሳት። ረጅም ምልልስ የናዳል ቤት መሆኑን ስለሚያውቅ ወደዚያ ቤት ላለመግባት ወሰነ፤ በጥቂት ምት ወይ ነጥቡን ያገኛል፣ ወይ ይስታል። እንዲህ ያለው አጨዋወት ኳሶቹ በሚሳቱበት ቀን እንደ ሮም 6 ለ 0 ያስወጣል፤ በሚገቡበት ቀን ግን ለሻምፒዮኑ የሚሠራው ሥራ አይተውለትም። የጉልበቱ ሕመምም መዘንጋት የለበትም፤ ናዳል በዚያው ዓመት በዊምብልደን አልተሰለፈም። ሆኖም ሕመሙ ያጎደለውን ለመውሰድ የሚደፍር ሰው ከመረቡ ማዶ ባይኖር ኖሮ ምናልባት አልፎ ይሄድ ነበር።

ሰሪና ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ በሮቤርታ ቪንቺ የተሸነፈችበት መንገድ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የዓለም ቁጥር አንድ የነበረችው ሰሪና በዓመቱ ግራንድ ስላም ከሚባሉት አራት ታላላቅ ውድድሮች ሦስቱን ወስዳ አራተኛውን ብትጨምር፣ ከስቴፊ ግራፍ የ1988 ድል ወዲህ ማንም ያላደረገውን ታደርግ ነበር። ቪንቺ 43ኛ ነበረች፤ የመጀመሪያውንም ‹ሴት› 6 ለ 2 ተሸነፈች። ነገር ግን እየቆረጠች የምትልካት፣ ዝቅ ብላ የምትንሸራተት ባክሃንድ ኃይል የሌላት ኳስ ስለሆነች፣ ሰሪና ኃይሉን ሁሉ ከራሷ ማምጣት ነበረባት። ታሪክ የሚጠብቃት ሰው ክንዷ ሲጨናነቅ ከሁሉ በላይ የሚከብዳት ይህ ነው። ቪንቺ ቀጣዮቹን ሁለቱን 6 ለ 4፣ 6 ለ 4 ወሰደች። እንደሚመስለኝ ሰሪናን የጎዳት ንቀት ሳይሆን የንቀት ተቃራኒ ነው፤ ቀኑን ከሚገባው በላይ አክብዳዋለች።

ሜዳውና አየሩም የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ይህን ለማየት ፓሪስ ድረስ መሄድ አያሻም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ይሳሳል፣ ኳሱም ራቅ ብሎ ይበራል። የቴኒስ ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች የተለየ ኳስ ቢፈቅድም፣ እኛ የምንጫወተው በተገኘው ኳስ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲነሣ፣ ከመካከላችን አንደኛ የሆነው ወዳጄ ከፍ አድርጎ የሚያሽከረክራት ኳስ አየር ላይ ትቆምና መሐል ሜዳ አጥራ ትወርዳለች። ጠዋት ጠዋት ይህ ወዳጄ በቀላሉ የሚያሸንፈው አንድ ወጣት ግን መረቡን ታክኮ የሚያልፍ ዝቅተኛ ኳስ ስለሚመታ ነፋሱ ብዙም አያገኘውም፤ ያን ጊዜ ማን አንደኛ እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል። የዓለም ደረጃም ቢሆን ያለፉት 52 ሳምንታት ነጥብ ድምር እንጂ ስለ ዛሬው ነፋስ ወይም ስለ ዛሬው ተጋጣሚ የሚናገር ነገር የለውም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የአንድ ቀን ድልና የዕውቀት ድል መለየት አለባቸው። ቼካዊው ሉካሽ ሮሶል በ100ኛ ደረጃ ላይ እያለ እ.ኤ.አ. በ2012 በዊምብልደን ሁለተኛ ዙር ናዳልን በአምስት ‹ሴት› አሰናበተ፤ በቀጣዩ ዙር ግን ራሱ ተሰናበተ። ከዓመት በኋላ በዚያው በዊምብልደን ሁለተኛ ዙር ፌደረርን ያሸነፈው 116ኛው ስታኮቭስኪም እንዲሁ ቀጣዩን ዙር አልተሻገረም። ሁለቱም ያን ቀን የተጫወቱትን ጨዋታ በሦስተኛው ዙር ሊደግሙት አልቻሉም። ሶደርሊንግ ግን በ2009 እስከ ፍጻሜ ደርሶ በፌደረር ተሸነፈ፤ በ2010 ደግሞ እዚያው ፓሪስ ፌደረርን በሩብ ፍጻሜ አሸንፎ በተከታታይ 23 ግራንድ ስላም ግማሽ ፍጻሜ የደረሰበትን ጉዞ አቋረጠበት። በፍጻሜው የጠበቀው ናዳል ነበር። ናዳል በዚያ ውድድር አንድም ‹ሴት› ሳይሸነፍ የመጣ ሲሆን፣ ያንኑ ቀጥተኛ ምት እየተቀበለ፣ እየሮጠና እየመለሰ፣ ሶደርሊንግን ከሚፈልገው በላይ አንድ ተጨማሪ ኳስ እንዲመታ እያስገደደ 6 ለ 4፣ 6 ለ 2፣ 6 ለ 4 አሸነፈው።